«ስኳሩ ነው» ከተባለ በኋላም የሚቀር ጥያቄ፦ ምክንያቱ ያልታወቀ የነርቭ ሕመም

በብዙ ቤት የሚሰማ አንድ ስሞታ አለ። ለዓመታት ስኳር ወይም ሌላ የቆየ ሕመም ያለባቸው እናት ወይም አባት ማታ ጋደም ሲሉ እግራቸው እንደ እሳት ይቃጠላል። ብርድ ልብሱ ሲነካቸው ያማቸዋል፣ ወለሉን ሲረግጡት ደግሞ ጥጥ የረገጡ ይመስላቸዋል። ሐኪም ቤት ሲሄዱ «ስኳር አለብዎት አይደል? እሱ ነው» ይባላሉ፤ ማስታገሻ ይታዘዝላቸውና ይመለሳሉ። ሕመሙ ግን አይመለስም።

«ስኳሩ ነው» የሚለው መልስ ብዙ ጊዜ ትክክል ነው። ሁልጊዜ ግን አይደለም። የቆየ ሕመም ያለበት ሰው ሌላ በሽታ አይነካውም ማለት አይቻልም፤ አንዳንዴም ነርቩን የሚጎዳው ለዋናው ሕመም የሚወስደው መድኃኒት ሊሆን ይችላል። በዚህ ጽሑፍ ልናስረዳ የምንፈልገው አንድ ነገር ነው፦ ለነርቭ ሕመም አንድ ምክንያት ተገኘ ማለት ሌላ የለም ማለት አይደለም። ከቀሩት ምክንያቶች ውስጥ ደግሞ በቀላል ሕክምና የሚድኑ፣ ከዘገዩ ግን ጉዳታቸው የማይመለስ አሉ።

ነርቭ ሲታመም ምን ይሰማል?

ነርቮቻችን ከአንጎልና ከአከርካሪ ውስጥ ከሚወርደው ሕብለ ሰረሰር ተነስተው እስከ ጣት ጫፍ የሚዘረጉ የመልእክት መስመሮች ናቸው። መስመሩ ሲጎዳ ሁለት ነገር ይፈጠራል። አንደኛው መልእክቱ ይጠፋል፤ ይህም መደንዘዝ ነው። ሁለተኛው የተሳሳተ መልእክት ይተላለፋል፤ ምንም ሳይነካን ያቃጥላል፣ ይወጋል፣ ጉንዳን እንደሚሄድበት ይወረናል፣ ወይም ኤሌክትሪክ እንደያዘው ሰው ያስደነግጠናል። ሁለቱ በአንድ እግር ላይ አብረው ሊገኙ ይችላሉ። እግሩ ደንዝዞ ሚስማር ሲወጋው የማይሰማው ሰው በዚያው እግር ሌሊቱን ሙሉ ሲቃጠል ሊያድር ይችላል። ቤተሰብ «አይሰማኝም ትላለህ፣ ያመኛልም ትላለህ» ብሎ መጠራጠር የለበትም፤ የነርቭ ሕመም ጠባዩ ይህ ነው።

የስኳር ሕመም የነርቭ ጉዳት የተለመደ መልክ

በረጅም ጊዜ ውስጥ የስኳር ሕመም ካለባቸው ሰዎች እስከ ግማሽ የሚሆኑት የነርቭ ጉዳት ይደርስባቸዋል። በደም ውስጥ ከልክ በላይ የቆየ ስኳር ነርቩን ራሱንም፣ ነርቩን የሚመግቡትን ቀጫጭን የደም ሥሮችም ይጎዳል። ከሁሉ ቀድሞ የሚጎዳው ረጅሙ ነርቭ ስለሆነ ሕመሙ የሚጀምረው ከእግር ጣቶች ነው። በሁለቱም እግሮች እኩል ይጀምራል፣ በወራትና በዓመታት ቀስ እያለ ወደ ላይ ይወጣል፣ ጉልበት አካባቢ ሲደርስ ደግሞ የእጅ ጣቶች መደንዘዝ ይጀምራሉ። ካልሲና ጓንት የሚሸፍኑትን ቦታ ያህል ማለት ነው።

ይህን መልክ ማወቅ የሚጠቅመው ከዚህ የወጣውን ለመለየት ነው። ሕመሙ ከእጅ ከጀመረ፣ በአንድ በኩል ብቻ ከሆነ፣ በቀናት ወይም በጥቂት ሳምንታት ውስጥ ከተስፋፋ፣ ከመደንዘዝ ይልቅ መዛል ከበዛበት፣ ወይም ስኳሩ ለዓመታት በደንብ ተስተካክሎ ሳለ ከመጣ፣ «ስኳሩ ነው» ብሎ መዝጋት ተገቢ አይደለም። ታማሚው ራሱ «ከሌላ ነገር ሊሆን ይችላል ወይ?» ብሎ ሐኪሙን ቢጠይቅ ድፍረት አይደለም፤ መብቱ ነው።

መድኃኒቱ ራሱ መነሻ ሲሆን

የመጀመሪያው መፈተሽ ያለበት ነገር የመድኃኒት ከረጢቱ ነው።

ሜትፎርሚን ለስኳር ሕመም በስፋት የሚታዘዝ ጥሩ መድኃኒት ነው። ለዓመታት ሲወሰድ፣ በተለይም መጠኑ ከፍ ሲል፣ አንጀት ቫይታሚን ቢ12ን እንዳይወስድ ሊያደርግ ይችላል። ቢ12 ደግሞ ለነርቭ ሽፋን አስፈላጊ ነው። ሲያንስ እግር ያቃጥላል፣ ይደነዝዛል፣ ሚዛን ያሳጣል፤ ይህም ከስኳር የነርቭ ጉዳት ጋር ቁርጥ አንድ ይመስላል። ጉበት ለዓመታት የሚበቃ ቢ12 ስለሚያከማች እጥረቱ መድኃኒቱ በተጀመረ ሰሞን አይታይም፤ ከብዙ ዓመት በኋላ ስለሚመጣ ማንም ከመድኃኒቱ ጋር አያገናኘውም። የብሪታንያ የመድኃኒት ተቆጣጣሪ መሥሪያ ቤት እ.ኤ.አ. በ2022 ሜትፎርሚን በሚወስዱና የእጥረት ምልክት ባለባቸው ሰዎች ላይ ቢ12 እንዲለካ ለሐኪሞች ማሳሰቢያ አውጥቷል። ለጨጓራ ኦሜፕራዞልን ለዓመታት የሚወስዱ፣ ሥጋ፣ ወተትና እንቁላል የማይቀምሱ፣ እንዲሁም አረጋውያን ይበልጥ ይጋለጣሉ። ደም ማነስ የለብህም መባል ብቻውን ማረጋገጫ አይሆንም፤ ነርቩ ከደሙ ቀድሞ ሊጎዳ ይችላል። መፍትሔው ሜትፎርሚኑን በራስ ፈቃድ ማቆም ሳይሆን ቢ12ን መለካትና ካነሰ በመርፌ ወይም በክኒን መተካት ነው።

ለቲቢ የሚሰጠው አይሶናያዚድ ቫይታሚን ቢ6ን ያሟጥጣል። ከመድኃኒቱ ጋር የምትሰጠው ትንሽ የቢ6 ክኒን ለዚህ ናት። ስኳር፣ ኤች አይ ቪ ወይም የኩላሊት ሕመም ያለባቸው፣ ነፍሰ ጡሮችና ምግብ ያነሳቸው ሰዎች ይህችን ክኒን «ቫይታሚን ናት» ብለው መተው የለባቸውም። መድኃኒት ለተላመደ ቲቢ የሚሰጠው ሊንዞሊድና ለካንሰር የሚሰጡ አንዳንድ መድኃኒቶችም ነርቭ ይጎዳሉ። ቀድሞ ለኤች አይ ቪ በስፋት ይሰጥ የነበረው ስታቩዲን ነርቭን በመጉዳቱ ይታወቅ ነበር፤ የዓለም ጤና ድርጅት እ.ኤ.አ. በ2009 አገሮች ቀስ በቀስ እንዲያስቀሩት የመከረው በእንዲህ ዓይነት ጉዳቶች ምክንያት ነው። በዚያ ዘመን መድኃኒቱን የወሰዱ ሰዎች ጉዳቱ እስከ ዛሬ ሊኖርባቸው ስለሚችል የድሮ መድኃኒትንም ለሐኪም መናገር ይጠቅማል።

ቫይታሚንም ቢሆን ሲበዛ ጉዳት አለው። ቢ6 ከልክ በላይ ለረጅም ጊዜ ሲወሰድ ራሱ ነርቭ ይጎዳል። ከፋርማሲ ያለ ትእዛዝ የሚገዙ የቢ ቫይታሚን ድብልቆችን ለወራት ሲወጉ ወይም ሲውጡ የሚቆዩ ሰዎች ይህን ቢያውቁ መልካም ነው። በተጨማሪም የቢ12 መርፌ ከተወጉ በኋላ የሚደረግ የደም ምርመራ ውጤቱ ከፍ ብሎ ስለሚወጣ እጥረቱ ኖሮም ሊሸፈን ይችላል። ስለዚህ መጀመሪያ ደሙ ይወሰድ፣ መርፌው ቀጥሎ ይምጣ።

ሌላም ብዙ የማይወራለት ነገር አለ። ለዓመታት ከፍ ብሎ የቆየ ስኳር በኢንሱሊን ወይም በክኒን በጥቂት ሳምንታት ውስጥ በጣም ሲወርድ አንዳንዶችን ድንገተኛ ከባድ የነርቭ ሕመም ይይዛቸዋል። ይህ ክስተት በሕክምና ጽሑፎች ውስጥ ከ1930ዎቹ ጀምሮ ይታወቃል። ታማሚው «መድኃኒቱ ነው ያሳመመኝ» ብሎ ያቆመዋል፤ ይህም ስኳሩን መልሶ ይሰቅለዋል። አብዛኛውን ጊዜ ሕመሙ በወራት ውስጥ እየቀለለ ስለሚሄድ ከሐኪም ጋር እየተመካከሩ ማለፉ ይሻላል።

ተደርበው የሚመጡ ሕመሞች

የታይሮይድ ዕጢ ሥራ ማነስና የኩላሊት ድካም የነርቭ ሕመም ያመጣሉ። ሁለቱም በደም ምርመራ ይታወቃሉ።

ማታ ማታ አውራ ጣትን፣ አመልካችንና መሃል ጣትን ብቻ የሚያደነዝዝ፣ እጅን ሲያራግፉት ቀለል የሚል ሕመም ደግሞ ብዙውን ጊዜ ነርቩ አንጓ ላይ ሲጨመቅ የሚመጣ ነው። ስኳር ወይም የታይሮይድ ችግር ያለባቸው፣ ነፍሰ ጡሮች፣ እንዲሁም በእጃቸው ልብስ እያጠቡና እየጨመቁ የሚውሉ ሰዎች ይበልጥ ይይዛቸዋል። ሌሊት አንጓውን ቀጥ አድርጎ የሚይዝ ድጋፍ ማሰር ለብዙዎች እፎይታ ይሰጣል፤ የከበደው በትንሽ ቀዶ ሕክምና ይስተካከላል።

በአንድ የጎን አጥንት መስመር ወይም በአንድ ፊት ላይ ብቻ የሚያቃጥል ሕመም ከተሰማ በኋላ ውሃ የቋጠሩ ሽፍታዎች ከወጡ ይህ አልማዝ ባለጭራ ነው። በልጅነት ከያዘን ጉድፍ በኋላ በነርቭ ሥር ተደብቆ የቆየ ቫይረስ ሰውነት ሲደክም መልሶ ሲነሣ ይመጣል። አሲክሎቪር የተባለው መድኃኒት ይበልጥ የሚጠቅመው ሽፍታው በወጣ በ72 ሰዓት ውስጥ ሲጀመር ነው። ቅባትና ቅጠል ሲሞክሩ ሦስት ቀን ካለፈ ወርቃማው ጊዜ ያልፋል፤ ከዚያ በኋላ ለወራት የሚቆይ የነርቭ ሕመም ሊተርፍ ይችላል። ሽፍታው ዓይን አካባቢ ከሆነ በዚያው ቀን ሐኪም ማየት ይገባል።

በአገራችን ሊዘነጋ የማይገባው ሌላው ምክንያት የሥጋ ደዌ ነው። ጠፍቷል ብለው የሚያስቡ ብዙዎች ናቸው፤ ነገር ግን በኢትዮጵያ ዛሬም በየዓመቱ አዳዲስ ታማሚዎች ይገኛሉ። በቆዳ ላይ ቀለሙ የደበዘዘ፣ ሲነካ ወይም ሲወጋ የማይሰማ ነጠብጣብ፣ በክርን ወይም በጉልበት ጎን ወፍሮ የሚዳሰስ ነርቭ፣ የጣቶች መዛል ከታየ መመርመር ያስፈልጋል። እ.ኤ.አ. በ1965 በአዲስ አበባ የተቋቋመው አለርት ሥራውን የጀመረው ለዚሁ በሽታ ነው። መድኃኒቱ በነጻ ይሰጣል፤ እንደ ዓይነቱ በ6 ወይም በ12 ወር ይጠናቀቃል። ሐፍረት ቤት ውስጥ ሲያስቀምጠን የሚጠፋው ነርቭ ግን በመድኃኒት አይመለስም።

ምርመራው ምን ይመስላል?

ጥሩው ነገር አብዛኛው ፍለጋ ውድ መሣሪያ የማይጠይቅ መሆኑ ነው። ሐኪሙ ታሪክዎን ይሰማል። በቀጭን የናይለን ክር እግርዎን ነክቶ ይሰማዎት እንደሆነ ይጠይቃል። የሚንዘር ብረት አውራ ጣትዎ ላይ ያደርጋል፣ በትንሽ መዶሻ የጉልበትና የቁርጭምጭሚት ምላሽ ያያል፣ ቆዳዎን ይመለከታል፣ ሲራመዱ ያያል። ቀጥሎ የሚታዘዙት የደም ምርመራዎች የሦስት ወር አማካይ የስኳር መጠን፣ ሙሉ የደም ቆጠራ፣ ቢ12፣ የኩላሊት፣ የጉበትና የታይሮይድ ሥራ፣ እንደ ሁኔታው ደግሞ ኤች አይ ቪና ቂጥኝ ናቸው። ሁሉም በየጤና ጣቢያው ላይገኙ ይችላሉ። ገንዘብ ካጠረ «ከእነዚህ የትኛው ይቅደም?» ብሎ ሐኪሙን መጠየቅ ያዋጣል፤ ለሜትፎርሚን ተጠቃሚ ቢ12 ከፊተኞቹ አንዱ ነው።

የነርቭን የኤሌክትሪክ ፍጥነት የሚለካ ምርመራም አለ። አንዳንዱ ሰው ይህን ምርመራ ብዙ ከፍሎ አድርጎ «ልክ ነው፣ ምንም የለብህም» ይባላል። እዚህ ላይ መታወቅ ያለበት ይህ ምርመራ የሚለካው ወፍራም ነርቮችን መሆኑ ነው። የማቃጠልና የሙቀት ስሜት የሚያደርሱት ግን በጣም ቀጫጭኖቹ ናቸው፤ እነሱ ተጎድተው ሳለ ውጤቱ ንጹሕ ሊወጣ ይችላል። እነሱን ለማየት ከቆዳ ትንሽ ናሙና ተወስዶ በአጉሊ መነጽር ይመረመራል፤ ይህ በጥቂት ቦታ ብቻ የሚሠራ ነው። ስለዚህ ልክ የሆነ ውጤት ሕመምተኛውን ውሸታም አያደርገውም።

የሚታይ ምክንያት ሲጠፋ ዘመድ ጎረቤቱ «ሲሕር ነው»፣ «ዓይን ነው» ማለት ይጀምራል። ዱዓ ማድረግም ሆነ ሩቅያ ማስቀራት ከሕክምና ጋር አይጋጭም፤ መድኃኒት መፈለግም በዲናችን የተወደደ ነው። የሚጎዳው አንዱን ይዞ ሌላውን ማቆም ነው። የደነዘዘ እግር ላይ ግን ዋግምት ማስደረግ፣ መብጣት፣ በጋለ ነገር መተኮስ ወይም በሙቅ ጨው መዘፍዘፍ ለማይሽር ቁስል ይዳርጋል፤ በተለይ ስኳር ላለበት ሰው ይህ እግርን እስከ ማጣት የሚያደርስ ነው።

ምክንያቱ እስኪገኝ ሕመሙ ይታከማል

ፍለጋው ወራት ሊወስድ ይችላል። በደንብ ተመርምረውም ምክንያቱ የማይገኝላቸው ሰዎች አሉ። ይህ ማለት ግን ሕመሙ አይታከምም ማለት አይደለም።

ዳይክሎፌናክና አይቡፕሮፌን የመሳሰሉ የተለመዱ ማስታገሻዎች ለነርቭ ሕመም እምብዛም አይረዱም። በስኳር ወይም በደም ግፊት የደከመ ኩላሊትን ግን ይጎዳሉ። በየሳምንቱ የዳይክሎፌናክ መርፌ መወጋት ጉዳቱ ከጥቅሙ ያመዝናል። ለነርቭ ሕመም የሚታዘዙት አሚትሪፕቲሊን፣ ጋባፔንቲን፣ ፕሪጋባሊንና ዱሎክሴቲን ናቸው። ከነዚህ አንዳንዶቹ ለድብርት ወይም ለሚጥል በሽታ የሚሰጡ ስለሆኑ ወረቀቱን ያነበበ ሰው «እብድ ነህ አሉኝ» ብሎ ይደነግጣል፤ እንደዚያ አይደለም፣ የነርቭን የተሳሳተ መልእክት ስለሚያረግቡ ነው። በትንሽ መጠን ይጀመራሉ፣ ቀስ ብለው ይጨመራሉ፣ ጥቅማቸው የሚታየው በሳምንታት ነው። የልብ ችግር፣ የሽንት መቸገር ወይም የኩላሊት ድካም ያለበት ሰው አስቀድሞ ይናገር፤ የመድኃኒቱ ዓይነትና መጠን ይለወጣል። በድንገትም አይቆሙም። ትራማዶል ሱስ ስለሚያስይዝ ከሐኪም ትእዛዝ ውጪ አይነካ። ግቡ ብዙ ጊዜ ሕመሙን ጨርሶ ማጥፋት ሳይሆን እንቅልፍ እስኪያስተኛና ሥራ እስኪያሠራ መቀነስ መሆኑን ቀድሞ ማወቅ ተስፋ ከመቁረጥ ያድናል።

ዉዱእ፣ ሶላትና ጾም

ሰጋጅ ሰው በቀን እስከ አምስት ጊዜ እግሩን ያጥባል። ይህ የስኳር ሐኪሞች «እግራችሁን በየቀኑ ፈትሹ» የሚሉትን ለመፈጸም የተመቸ ጊዜ ነው። በጣቶች መሃል፣ ተረከዝ ላይና ከውስጥ እግር በታች ቁስል፣ መሰንጠቅ ወይም መቅላት መኖሩን እንይ፤ ማየት ያልቻለ በመስታወት ወይም በልጆቹ ይርዳ። ከታጠቡ በኋላ በጣቶች መሃል ያለውን እርጥበት ማድረቅም አይዘንጋ። የሞቀ ውሃ የምንጠቀም ከሆነ የደነዘዘ እግር ሙቀቱን ስለማይለይ ጤነኛ የሆነ የቤተሰብ አባል አስቀድሞ በእጁ ይሞክረው። ጫማ አውልቀን በፀሐይ በጋለ የመስጂድ ግቢ ወለል ላይ ስንሄድ ካልሲ እናድርግ። ለሐጅና ዑምራ የሚሄዱም ጫማቸውን በር ላይ ትተው እንዳያጡት በከረጢት ይያዙት፤ በጋለ ወለል የተቃጠለ የደነዘዘ እግር የሚታወቀው ቁስሉ ከወጣ በኋላ ነው። እግር ላይ ቁስል ወይም ፋሻ ያለበት ሰው ለዉዱእ ያሉትን ፈቃዶች ከዑለማ ይጠይቅ።

እግርን አጣጥፎ ረጅም ሰዓት መቀመጥ ከጉልበት ጎን የሚያልፈውን ነርቭ ይጫናል። ደርስ ላይ የሚቀመጡ በየጊዜው ይለዋውጡ፤ መሬት መቀመጥ ያቃተው ወንበር ላይ ቢሰግድ ሸሪዓው የፈቀደለት ነው። በረመዳን መጾም የሚፈልግ ስኳር ያለበት ሰው ከ6 እስከ 8 ሳምንት ቀደም ብሎ ሐኪሙን ያማክር። የነርቭ መድኃኒት ሰዓትም ወደ ኢፍጣርና ሱሑር ሊዛወር ይችላል፤ በራስ ውሳኔ መዝለል ግን ሕመሙን ያባብሳል።

ሐኪም ዘንድ ሲሄዱ

የቀጠሮ ጊዜ አጭር ስለሆነ ተዘጋጅቶ መሄድ ግማሽ ሕክምና ነው። የሚከተሉትን ይዘው ይሂዱ፦

– የሚወስዱትን መድኃኒት ሁሉ ከነፓኬቱ፤ ቫይታሚን፣ ጥቁር አዝሙድና ሌሎች ባህላዊ መድኃኒቶችንም ጨምሮ፤
– ሕመሙ መቼና የት እንደጀመረ፣ ወዴት እንደተስፋፋ፣ ማታ ወይስ ቀን እንደሚብስ የተጻፈበት ወረቀት፤
– ሕመሙ ከመጀመሩ በፊት ባሉት ወራት የተለወጠ ነገር፤ አዲስ መድኃኒት፣ ሽፍታ፣ ትኩሳት፣ የክብደት መቀነስ፤
– የቆዩ የምርመራ ውጤቶች።

ሲጨርሱም ሦስት ጥያቄ ይጠይቁ፦ ምክንያቱ ምን ይመስልዎታል? ከዚህ ሌላ ምን ሊሆን ይችላል? ካልተሻለኝ መቼ ልመለስ?

ቀጠሮ የማይጠበቅላቸው ምልክቶችም አሉ። በሰዓታት ወይም በቀናት ውስጥ ከእግር ወደ ላይ የሚወጣ መዛል፣ መተንፈስ ወይም መዋጥ መቸገር፣ ከወገብ ሕመም ጋር በጭን መሃል መደንዘዝ ወይም ሽንትና ሰገራ መቆጣጠር አለመቻል፣ በድንገት የፊት ወይም የአንድ ጎን አካል መስነፍ፣ እግር ላይ የጠቆረ ወይም የሚሸት ቁስል ከታየ በዚያው ሰዓት ወደ ድንገተኛ ክፍል መሄድ ያስፈልጋል።

የነርቭ ሕመም ከውጭ አይታይም። የታመመውን ሰው ከሕመሙ እኩል የሚያደክመው አለመታመኑ ነው። ቤተሰብ ማድረግ የሚችለው ትልቁ እርዳታ መስማት፣ ወረቀቱን አብሮ መጻፍና ለቀጠሮው አብሮ መሄድ ነው። አላህ በየቤቱ ለታመሙት ሁሉ ሽፋ ይስጣቸው፤ አሚን።